ከመንዝ በግ ጠጉር የአባዬ ሹራብ

መጋቢት 9

አባዬ ዘንድሮም በዚያው ካፖርቱ ሊከርም ነው። ክርኑ ላይ ተቀዷል፣ ገበሩም ካለቀ ቆይቷል። ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። የምንኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ ነው። ሌሊት ከሜዳው የሚነሳው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አባዬ ደግሞ ኪዳን ሳያደርስ ከዋለ ቀኑ ቀን አይመስለውም። ስለዚህ ወፍራም ባለቁልፍ ሹራብ በእጄ ልሠራለት ወስኛለሁ። ለሐምሌ 19፣ ለገብርኤል መድረስ አለበት።

ምን ዓይነት እንደሚፈልግ ስጠይቀው የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዳዊቴን የሚይዝ ኪስ ይኑረው።»

መጋቢት 14

ከሥራ ስወጣ አንድ ክር ቤት ገባሁ። «ንጹሕ ሱፍ ነው» ተብዬ አንድ ጥቅል ወፍራም ቡናማ ክር ገዛሁ። ቤት ስደርስ ከጫፉ ትንሽ ቆርጬ በሻማ ለኮስኩት። የበግ ጠጉር ሲቃጠል የሰው ፀጉር ይሸታል። ከእሳቱ ሲያርቁት ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። የእኔው ክር ግን እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆነ። አክሬሊክ ነው።

አክሬሊክ መጥፎ ነው አልልም። ለሕፃን ልብስ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚታጠብ ነገር ይመቻል። ለአባዬ ሌሊት ግን አይሆንም። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢጠጣ እንኳን የለበሰው ሰው እርጥበቱ አይሰማውም። በክረምት ጉም ውስጥ ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ይኼ ነው። ያናደደኝ ክሩ አክሬሊክ መሆኑ ሳይሆን ሱፍ ተብሎ መሸጡ ነው። ክር የምትገዙ ሁሉ ጫፉን ለኩሳችሁ እዩት።

መጋቢት 16

ጎረቤታችን እማማ የመንዝ ሰው ናቸው። ስለ ክሩ ሳጫውታቸው ሳቁና «የበጉ አገር ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ምን ሱቅ ለሱቅ ያንከራትትሻል ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ባናው፣ ዝተቱ፣ ያ ጥቁር በርኖስ ሁሉ የመንዝ በግ ጠጉር ነው። ጠጉሩ ሸካራ ስለሆነ ከብርድ ልብስና ከምንጣፍ አልፎ ሹራብ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ የለም። እኔ ግን ሸካራነቱን እንደ ጉድለት አላየውም። ገላ ላይ ለሚለበስ ልብስ ይኮሰኩሳል፣ እሱን አልክድም። ከሸሚዝ በላይ ለሚደረብ ወፍራም ሹራብ ግን ሸካራው ጠጉር ይሻላል። ለስላሳው ቶሎ ይቦጫጨቅና ትንንሽ ኳስ ያወጣል። ይኼኛው ቅርጹን ይይዛል፣ መፋተግንም ይችላል። አያያዙን ማወቅ ነው እንጂ።

እማማ አገር ቤት ላለች እህታቸው ልጅ ደወሉ። በደብረ ብርሃን መንገድ 3 ኪሎ ይመጣልኛል። ቀለም አንነክርም። በጉ ራሱ ጥቁር ቡናማ ነው።

መጋቢት 28

ጠጉሩ መጣ። ከነአቧራው፣ ከነጭድ ቁርጥራጩ፣ ከነሽታው።

እጥበቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጠጉሩ ይቋጠራል። ከተቋጠረ በኋላ አይፈታም። ከሙቅ ውሃ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውስጥ መክተትም ያንኑ ያስከትላል። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ተጠቀምኩ። አላሸሁትም፣ አልጨመቅኩትም። ዝም ብዬ ዘፈዘፍኩት፣ አወጣሁት፣ ውሃ ቀየርኩለት። አምስት ጊዜ ቀይሬ ነው ውሃው የጠራው።

ሳሙናው እንዶድ ነበር። እማማ ደረቁን ፍሬ ወቅጠው ሰጡኝ። አረፋው ለስላሳ ነው፣ ጠጉሩንም አያደርቀውም። እንዶድ ሲነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን አለማስታወስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎቹን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ያሳወቀው ጥናት የተነሳው ከዚያ ነው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእጥበቱን ውሃ ወደ ወንዙ አልለቀቅኩትም፣ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት።

3 ኪሎው ደርቆ ሲመዘን 2 ኪሎ ሆነ። የቀረው ቆሻሻና ቅባት ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 6

ማፍታታት፣ መፍተል። ማፍታታት፣ መፍተል። ማታ ማታ እማማ ዘንድ እሄዳለሁ። እኔ በጣቴ እያፍታታሁ ጭዱን እለቅማለሁ፣ እሳቸው በእንዝርት ይፈትላሉ። ጭኔ ላይ አሽከርክሬ ለመፍተል ስሞክር አንዱ ጋ ወፍራም ሌላው ጋ ቀጭን ይሆንብኛል። እሳቸው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ዓይናቸውን እንኳን ሳያሳርፉበት እኩል ይወጣላቸዋል። መብራት ሲጠፋም አያቆሙም። ጣታቸው ነው የሚያየው።

ሚያዝያ 15

ፈትሉ ገና ነጠላ ሆኖ ትንሽ ናሙና ሠርቼበት ነበር። አራት ማዕዘን መሆን የነበረበት ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። ነጠላ ፈትል ውስጡ ያለው ጥምዝ ለመፈታት ስለሚታገል ጨርቁን ይጎትተዋል። መፍትሔው ሁለቱን ፈትል አንድ ላይ መግመድ ነው፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። ወደ ቀኝ የተፈተለው ወደ ግራ ሲገመድ ሁለቱ ጥምዞች ይቻቻላሉ። ክሩም ክብ፣ ሙሉና ጠንካራ ይሆናል። ውፍረቱ አሁን የእርሳስ ያህል ሊሆን ምንም አልቀረው።

የተገመደውን በቱባ በቱባ አድርጌ ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት። ከዚያ ገመድ ላይ ሰቅዬ አደረቅኩት። ሁሉም 1 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ።

ለዚህ ክር የሚሆን መርፌ ግን ገበያ ውስጥ አጣሁ። ያሉት ሁሉ ቀጭን ናቸው። የሰፈራችን አናጢ ከደረቀ ወይራ ሁለት ዘንግ ጠርቦ ሰጠኝ፣ ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 40 ሳንቲ ሜትር። ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሹዬ፣ ሰም ቀብቼ፣ በጨርቅ አሸኋቸው። ክሩ ሳይያዝ ይንሸራተትባቸዋል። ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ግን በጣም ነው የወደድኳቸው።

ግንቦት 2

ጀርባውን ጀመርኩ። በተገመደው ክር በሠራሁት ናሙና 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 12 ዓይን፣ ማለትም 12 የክር ቀለበት፣ ስለቆጠርኩ ለ57 ሳንቲ ሜትር 68 ዓይን፣ ለስፌት 2 ጨምሬ 70 አነሳሁ። ከታች 10 ረድፍ ላስቲክ፣ ማለትም የሚለጠጠው ጠርዝ ነው፣ ሁለት ቀና፣ ሁለት ግልባጭ። ከዚያ በኋላ ለጥ ያለ ሥራ።

ግንቦት 5

26ኛው ረድፍ ላይ ስደርስ እማማ ናሙናውን አንስተው አዩትና «ይኼን አጥበሽዋል?» አሉኝ። አላጠብኩትም ነበር። ያኔውኑ አጥቤ አደረቅኩት። ክሩ ውሃ ሲያገኝ ተነፋ፣ ዓይኖቹም ተዘረጉ። በ10 ሳንቲ ሜትር 12 የነበረው 11 ሆነ።

አንድ ዓይን ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ለስፌት ከሚገባው 2 ሌላ ያለው 68 ዓይን፣ በ10 ሳንቲ ሜትር 11 ሲታሰብ 62 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጀርባው ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሰፋ ነው። ከፊቱ ጋር ሲደመር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል። አባዬ ውስጡ ይጠፋ ነበር።

ሁሉንም ተረተርኩት። በ64 ዓይን እንደገና ጀመርኩ። ሹራብ የምትሠሩ ሰዎች፣ ናሙናችሁን ልክ ልብሱን እንደምታጥቡት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ለኩ። ሦስት ማታዬን የወሰደብኝን ነገር ሌላው ሰው በአንድ ቀን ይወቀው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ግንቦት 18

ጀርባው አለቀ። ብብቱ 66ኛው ረድፍ ላይ ጀመረ። በየጎኑ 3 ዓይን ዘጋሁ፣ ከዚያ በየሁለት ረድፉ አንድ አንድ እየቀነስኩ አራት ጊዜ። 50 ዓይን ቀረ። 102ኛው ረድፍ ላይ ትከሻው 16፣ አንገቱ 18፣ ሌላው ትከሻ 16 ሆኖ ተዘጋ። በወፍራም ክር ሲሠሩ ደስ የሚለው ሥራው ሲያድግ መታየቱ ነው። በሦስት ማታ አንድ ስንዝር ይሄዳል።

ሰኔ 3

ሁለቱ ፊቶች አለቁ። እያንዳንዳቸው 29 ዓይን ናቸው። ለቁልፉ ጠርዝ ቦታ ስለሚያስፈልግ ከጀርባው ግማሽ ትንሽ ያንሳሉ።

ቀጥሎ እጅጌ። ጀርባው ከብዶኝ ከቤት አላወጣውም ነበር፣ እጅጌው ግን ጠባብ ስለሆነ ይዤው እወጣለሁ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በሚኒባስ ስሄድ በየቀኑ ስድስት ሰባት ረድፍ እሠራለሁ። መንገዱ ሲጨናነቅ ዐሥር ይደርሳል። ትናንት አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ወያላው ሂሳብ እስኪጠይቀው ድረስ እጄን ሲመለከት ቆየ። ከዚያ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ። ከበጉ ጀምሬ ነገርኩት። መውረጃውን ሊያልፍ ነበር።

እጅጌው 28 ዓይን ላይ ይጀምራል። ከላስቲኩ በኋላ በየስድስት ረድፉ በሁለቱም ጠርዝ አንድ አንድ ይጨመራል፣ ዘጠኝ ጊዜ። 46 ሲሞላ የአባዬን ክንድ ከነሸሚዙ በደንብ ይይዛል።

ሰኔ 21

ሁሉም ቁራጭ አለቀ። ጀርባ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት እጅጌ፣ አንድ ኪስ። አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳየው ልብስ አይመስልም። ጠርዙ ሁሉ ይጠቀለላል፣ አንዱ ፊት ከሌላው ያጠረ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሥራው ያለቀ መስሎት በችኮላ ሰፍቶ ይለብሰዋል። ገበያ ላይ የማያቸው በእጅ የተሠሩ ሹራቦች የሚያሳዝኑኝ በዚህ ነው። ክሩ ጥሩ፣ እጁ ጥሩ፣ ስፌቱ ግን የተጨማደደ። ማጠናቀቁን እንደ ትርፍ ሥራ እናየዋለን። ለእኔ ግን ከአሁን በኋላ ያለው ነው ልብስ የሚያደርገው።

ሰኔ 25

ቁራጮቹን ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩ። ሳወጣቸው አላንጠለጠልኳቸውም። እርጥብ የበግ ጠጉር በራሱ ክብደት ይለጠጣል። በፎጣ ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ቆሜ ውሃውን አስመጠጥኩ። ከዚያ ፍራሽ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፌ፣ በሜትር እየለካሁ፣ ጠርዙን በስፒል ወጠርኩት። ጀርባ 58፣ ቁመት 68። ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን አድርጌ ረድፍ በረድፍ አስተካከልኳቸው።

ሰኔ 30

አልደረቀም። ዝናቡ ጠዋትም ማታም ነው። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ሲገለበጥ ግን ታቹ እርጥብ ነው። ዛሬ ጠዋት መሽተት ጀመረ፣ ልቤ ወረደ። አባዬ ከሰል እናቀጣጥል ብሎ ነበር፣ እኔ ግን አልፈለግኩም። ጭሱ ጠጉሩ ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱም አንዱን ጎን ብቻ ያሸማቅቀዋል፣ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ለሰውም አደጋ ነው።

ጥፋቱ ፍራሹ እንደሆነ ገባኝ። ከታች አየር አያገኝም። የሽቦ አልጋ አወጣሁ። ጆንያ ወጠርኩበትና ቁራጮቹን እሱ ላይ አዛወርኩ። አልጋውን እማማ እንጀራ የሚጋግሩበት ቤት አስገባሁት። ጋግረው ከጨረሱ በኋላ ያለው ሙቀት ለስለስ ያለ ነው፣ አየሩም ከላይም ከታችም ያልፋል።  

ሐምሌ 3

በሁለት ቀን ደረቀ፣ ሽታውም ጠፋ። አሁን ስፌት። መጀመሪያ ትከሻ። ይኼ ሹራብ ከባድ ነው፣ ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው ደግሞ ትከሻው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ትከሻ ጫፍ በአንገቱ ጀርባ በኩል እስከ ሌላው ድረስ በውስጥ ቀጭን የአቡጀዲ ጥብጣብ ሰፋሁበት። ጥብጣቡ አይለጠጥም፣ ሹራቡም ከእሱ አልፎ አይወርድም።

ጎኑን የሰፋሁት ከውጪ በኩል ነው። ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አስተኝቼ፣ ከአንዱ ጠርዝ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓይን መካከል ያለችውን አግዳሚ ክር አንስቼ፣ ከዚያ ከሌላው ያንኑ። እንደ መሰላል ይሆናል። አምስት ስድስት መሰላል ከሄድኩ በኋላ ክሩን ቀስ ብዬ ስስበው ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ይገቡና ስፌቱ ይሰወራል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አስማት መስሎኝ ነበር። አሁንም ክሩን በሳብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 8

የቁልፉ ጠርዝ ሁለት ቀን አታገለኝ። ከፊቱ ጠርዝ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዓይን አነሳሁ። አራት ረድፍ ስሠራ ጠርዙ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተወዛወዘ። ዓይን ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ በ10 ሳንቲ ሜትር 11 ዓይን ነው ረድፉ ግን 15። ስለዚህ ከአራት ረድፍ ሦስት ማንሳት፣ አንዱን መዝለል ነው። ተርትሬ እንደዚያ ሳነሳው ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተኛ።

የወንድ ልብስ ስለሆነ ቁልፉ በቀኝ፣ ቀዳዳው በግራ ነው። እስከ አንገቱ ማጠፊያ ባለው 45 ዓይን ላይ አምስት ቀዳዳ። ከታች 3 ዓይን፣ ቀዳዳው 2 ዓይን፣ በመካከላቸው 8። ልክ ሞላ።

ሐምሌ 12

ቁልፎቹን ከአሮጌው ካፖርት ፈታሁ። ስድስት ነበሩ፣ አምስቱ ቀርተዋል። ትልልቅ፣ ከባድ፣ ጠርዛቸው በአባዬ ጣት የለሰለሰ። አባዬ ሲያያቸው አንዱን አንስቶ ቆየና «ይኼ ልብስ አንቺ ሳትወለጂ ነው የተገዛው» አለኝ።

ቁልፍ ወፍራም ሹራብ ላይ እንዲሁ ከተሰፋ ክሩን እየጎተተ ቀዳዳ ያወጣል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ አደረግኩና ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ጉተታውን የሚይዘው ትንሿ ናት። ከላይኛው ቁልፍ ሥር ደግሞ ክሩን አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሜ አንገት ሠራሁለት። ወፍራሙ ጠርዝ ሲቆለፍ መተኛ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ሐምሌ 15

ትርፍራፊ ክር መደበቅ። 31 ጫፍ ቆጠርኩ። የአንገቱን ውስጥ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ሸፈንኩት፣ የሚኮሰኩሰው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ኪሱን በግራ በኩል ሰፋሁ። ሹራቡ ከነቁልፉ 1 ኪሎ ከ450 ግራም መዘነ።

ሐምሌ 19

አባዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለብሶት ወጣ። ከላዩ ጋቢውን ደረበ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ንግሡ አልቆ ሲመለስ ረፋድ ሆኗል። ሲገባ ሹራቡ ላይ የጉም ጠብታ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ነበር። እጄን ብብቱ ሥር ከተትኩ። ደረቅ ነው፣ ይሞቃል።

እማማ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ጎኑን ገልብጠው አዩት። ስፌቱን በጣታቸው ፈልገው አጡት። «መንዝ ብትሆኚ ኖሮ ባል ታጣያለሽ ብዬ አልሰጋም ነበር» አሉኝና ሁላችንም ሳቅን።

አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ከኪሱ አወጣ። ዳዊቱ ከነማኅደሩ ከባድ ነው። የግራው ፊት ከቀኙ በሁለት ጣት ያህል ወርዶ አየሁት። «ተይው፣ ምንም አልሆነም» አለኝ። ነገ ኪሱን ፈትቼ፣ ከውስጥ በኩል ከአቡጀዲው ጥብጣብ ጋር የሚያያዝ ማንጠልጠያ እሰፋበታለሁ። ክብደቱን ትከሻው ይሸከመው።